የዝሆን ጥርስ እጀታ የነበረው ተኳሽ

በዚህ ዓመት ጽሑፋችን በዓለም ስሙ የታወቀውን የአንድ ተኳሽ ታሪክ በአጭሩ እናቀርባለን። መቼም የሽጉጥ ወሬ ከዕድር ጋር ምን አገናኘው የሚል አይጠፋም። እስከ መጨረሻው ቢያነቡልን ነገሩ ይገባዎታል። ዘመኑን የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ጄምስ በትለር ሂኮክ በ1837 በአሜሪካ አገር፣ በኢሊኖይ ተወለደ። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ግን ዋይልድ ቢል በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። ከወገቡ የማይለዩት ሁለት የ1851 ሞዴል ኮልት ሽጉጦች ነበሩ። ስድስት ጎራሽ ሲሆኑ እጀታቸው በዝሆን ጥርስ ያጌጠ ነበር። እሱም እጀታቸውን ወደ ፊት አዙሮ ይታጠቃቸው ነበር። ታዲያ የዚያ ጊዜ ሽጉጥ እንደ ዛሬው አልነበረም። በየጉድጓዱ ባሩድና የእርሳስ አረር ይጠቀጠቃል። እርጥበት ከነካው ይከሽፋል፤ ሲተኮስም ጢሱ ዓይን ይጋርዳል።

በ1865 በስፕሪንግፊልድ ከተማ፣ ከቁማር ዕዳ ጋር በተያያዘ በአንድ የኪስ ሰዓት ምክንያት ዴቪስ ተት ከሚባል ሰው ጋር ተጣላ። ሰባ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ሆኖ በአንድ ጥይት ገደለው። ተከሶም በነፃ ተለቀቀ። ዝናው የተነሣው ከዚህ ወዲህ ነው።

በ1871 በካንሳስ፣ በአቢሊን ከተማ የጸጥታ ሹም ሆነ። በጥቅምት ወር አንድ ምሽት ፊል ኮ ከሚባል ቁማርተኛ ጋር ተታኩሶ አቆሰለው፤ ኮም ከጥቂት ቀን በኋላ ሞተ። በዚያው ቅጽበት በጨለማ ወደ እሱ የሚሮጥ ሰው አየና ተኮሰበት። ለካስ ሊረዳው የመጣው የገዛ ጓደኛው ማይክ ዊሊያምስ ኖሯል! የቀብሩን ወጪ ራሱ ሂኮክ እንደ ቻለ ይነገራል። ከዚያ ወዲያ ሰው ስለ መግደሉ የታወቀ ነገር የለም። በዚያው ዓመት ከሹመቱ ተሰናበተ፤ እያደርም ዓይኑ ደከመ።

በ1876 አግነስ ሌክ የምትባል ሴት አገባና፣ ጥቂት ወራት ሳይቆይ ወርቅ ፍለጋ ወደ ዴድዉድ ሄደ። ነሐሴ 2 ቀን በመጠጥ ቤት ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ካርታ ሲጫወት፣ ጃክ ማኮል ከኋላው መጥቶ ራሱን መታው። ሽጉጦቹን ለመምዘዝ እንኳ ጊዜ አላገኘም። ዕድሜው 39 ነበር። ገዳዩም በ1877 በስቅላት ተቀጣ።

እንግዲህ ሚስቱ ሩቅ፣ ዘመድም አጠገቡ አልነበረ። ሬሳውን ተረክቦ፣ ለሕዝቡ አስነግሮ፣ በክብር የቀበረው ወዳጁ ቻርሊ ኡተር ነው። መቃብሩ ላይም ሳንቃ አቆመለት። የከተማው ሰው ነቅሎ ወጥቶ ቀበረው። በ1879ም አፅሙ ወደ ሌላ የመቃብር ስፍራ ሲዛወር ኡተር ከጎኑ አልታጣም።

እኛ ይህን ታሪክ የመረጥነው ለዚህ ነው። ያ ሁሉ ያማረ መሣሪያ በመጨረሻዋ ሰዓት አልደረሰለትም፤ የደረሰለት ወዳጅና ጎረቤት ነው። ቀባሪ አያሳጣን።