ዶክቶር ኤሚል ሩና የዘጊ አናዳ መርዝ

በመቱም ሆነ በጎሬ፣ በቡሬም ሆነ በበደሌ፣ አንዲት እናት ሕፃን ልጇን በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ወደ ጤና ጣቢያ ይዛ ስትሄድ የሚሰጠው ክትባት አምስት በሽታዎችን ይከላከላል። ከነዚህም አንዱ የሕፃናትን ጉሮሮ ዘግቶ የሚገድለው ዘጊ አናዳ ነው። ይህ ደዌ ድል የሚነሣበትን መንገድ የጠረጉትን የፈረንሳዊውን ሊቅ የዶክቶር ኤሚል ሩን ታሪክ ለወጣት አንባቢዎቻችን ባጭሩ እናቀርባለን።

ዶክቶር ሩ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር (ሌሎቹም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) በ1853 ዓ.ም. ኮንፎላን በምትባል ከተማ ተወለዱ። ሕክምና ከተማሩ በኋላ በ1878 ዓ.ም. ከታላቁ ሊቅ ከሉዊ ፓስተር ላቦራቶሪ ገብተው፣ የአባ ሰንጋና የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቶች ሲዘጋጁ ዋና ረዳት ሆኑ።

በዚያ ዘመን ሐኪሞችን ያስጨነቀ አንድ ነገር ነበር። የዘጊ አናዳ ባክቴሪያ ከጉሮሮ ሳይርቅ የታማሚው ልብና ነርቭ ይጎዳል። ዶክቶር ሩ ከባልደረባቸው ከአሌክሳንደር የርሲን ጋር ሆነው በ1888 ዓ.ም. ባክቴሪያውን በሥጋ መረቅ አራቡና መረቁን ባክቴሪያ በማያሳልፍ የሸክላ ማጥለያ አጠለሉት። ከጠለለው ውስጥ አንድም ባክቴሪያ አልነበረም፤ ሆኖም የተወጉት እንስሳት በዚያው በሽታ ምልክት ሞቱ። ስለዚህ ጠላት ከምሽጉ ሳይወጣ እንደሚተኩስ ሁሉ፣ ባክቴሪያውም ካለበት ሆኖ ወደ ደም መርዝ እንደሚያመነጭ ታወቀ።

መርዙ ከታወቀ ማርከሻው አልዘገየም። በ1890 ዓ.ም. በጀርመን አገር ቤሪንግና ኪታሳቶ ማርከሻው በእንስሳት ደም ውስጥ እንደሚገኝ ገለጹ። ዶክቶር ሩ ደግሞ በፈረስ ደም በብዛት አዘጋጅተው በ1894 ዓ.ም. በፓሪስ የሕፃናት ሆስፒታል ሰጡት። ቀድሞ ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉ ይሞቱ ነበር፤ አሁን ሟቾቹ ወደ ሩብ ያህል ዝቅ አሉ።

ከ1904 ዓ.ም. ጀምሮ የፓስተር ተቋም ዲሬክተር ቢሆኑም በአንዲት ጠባብ ክፍል ኖረው በ1933 ዓ.ም. አረፉ። በዲሬክተርነታቸው ዘመን፣ በ1923 ዓ.ም.፣ የተቋሙ ባልደረባ ጋስቶን ራሞን መርዙን በፎርማሊንና በሙቀት አለዝቦ ክትባት አደረገው።

ከእርሳቸው በኋላ የመጡ ሊቃውንት ምሥጢሩን ይበልጥ ገለጡት። በ1951 ዓ.ም. ፍሪማን የተባሉ አሜሪካዊ፣ መርዝ የማያመነጨው የዘጊ አናዳ ባክቴሪያ አንድ ዓይነት ቫይረስ ሲገባበት መርዛም እንደሚሆን አሳዩ። መርዙን የሚያሠራው ጂን የመጣው ከቫይረሱ ነውና። መርዙ 535 አሚኖ አሲዶች ያሉት ፕሮቲን ነው፤ ሲሠራ በፊቱ አጭር መሪ ጫፍ አለው። ጫፉ ፕሮቲኑን ወደ ባክቴሪያው ሽፋን በር ያደርሰዋል፤ ሲያልፍም ይቆረጣል። የሚደንቀው ግን ጂኑ የቫይረሱ ሲሆን የሚቆጣጠረው የባክቴሪያው ፕሮቲን መሆኑ ነው፤ የብረት ማዕድን ሲያንስ መርዙ በብዛት ይመረታል።

ዘጊ አናዳ ጨርሶ የጠፋ ጠላት አይደለም። በ1990ዎቹ በቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት አገሮች ክትባት በላላ ጊዜ ተመልሶ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ገድሏል። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ይቀመጣል፤ በረዶ ከሆነ ኃይሉን ያጣል። እንግዲህ በኢሉባቦር ከተሞች የክትባት ማቀዝቀዣ በአደራ የተሰጠው ወጣት ሠራተኛ ጧትና ማታ ዲግሪውን ሲመዘግብ፣ ዶክቶር ሩ የጀመሩትን ሥራ እየቀጠለ መሆኑን ይወቀው።