ሊቀ መንበሩ ጄኔራል ተፈሪ በንቲ

ሥልጣን የያዘ ማኅበር ጠላቱን ካሸነፈ በኋላ እርስ በርሱ መከፋፈሉ በየአገሩ የታየ ነገር ነው። ከእኛ ታሪክ የብርጋዴር ጄኔራል ተፈሪ በንቲን ሕይወት ለምሳሌ እናነሣለን።

ጄኔራል ተፈሪ በአዲስ አበባ ተወለዱ። በሆለታ የጦር ትምህርት ቤት ተምረው በሠራዊቱ ውስጥ እስከ ጄኔራልነት ደረሱ። ጄኔራል አማን አንዶም ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ከተገደሉ በኋላ ደርግ እሳቸውን ሊቀ መንበር አድርጎ መረጠ። የገጠር መሬት አዋጅ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው በእሳቸው ዘመን ነው፤ በአዳማና በሻሸመኔ ዙሪያ ያለው ጭሰኛም ከባለርስቱ ቀንበር ወጣ።

ዋናው ሥልጣን ግን በምክትላቸው በመንግሥቱ ኃይለ ማርያም እጅ ነበር። ይህን ያልወደዱት ሻምበል ዓለማየሁ ኃይሌና ሻምበል ሞገስ ወልደ ሚካኤል ደርግን እንደገና የሚያደራጅ ደንብ አዘጋጁ። ደንቡ በታኅሣሥ 1969 ዓ.ም. ሲታወጅ የጄኔራል ተፈሪ ሊቀ መንበርነት ጸና፤ የመንግሥቱ ሥልጣን ተቀነሰ።

ሆኖም ጠመንጃው ከደንቡ ጋር አልነበረም። ወር ከጥቂት ቀን ሳይቆይ፣ ጥር 26 ቀን፣ ሊቀ መንበሩና ሁለቱ ሻምበሎች ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር በታላቁ ቤተ መንግሥት ተገደሉ። ለመንግሥቱ ተቀናቃኝ ሆነው የቀሩት ሁለተኛው ምክትል አጥናፉ አባተም በኅዳር 1970 ዓ.ም. ያው ዕጣ ደረሳቸው።

እንግዲህ ነገ መዝገብና ማኅተም የምትረከብ ወጣት ሆይ፣ ልብ በል። በአንድ ጉባኤ ውስጥ ሐሳብ መለያየቱ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ፣ የተለየ ሐሳብ ያለው ሰው ተከራክሮ፣ ተሸንፎም በሰላም ወደ ቤቱ የሚገባበት ሥርዓት መታጣቱ ነው።