እምቢ የተባለችው ዳንሰኛ፦ ጆሴፊን ቤከር ከኦዲሽኑ እስከ መድረኩ

ዳንስ በደንብ ሳትማሩ ዳንስ ለሞላበት ሾው ኦዲሽን መግባት ምን ይመስላል? መልሱን ከጆሴፊን ቤከር የበለጠ የሚያሳይ ሰው ለማግኘት ይከብዳል። በ1921 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ፊላደልፊያ ከተማ ውስጥ ለኦዲሽን ስትቀርብ ዕድሜዋ 15 ዓመት ገደማ ነበር። የዳንስ ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጣ አታውቅም። አልተቀበሏትም። ከአራት ዓመት በኋላ ግን ፓሪስ በእሷ አበደች።

ይህን ታሪክ ብዙዎች የሚነግሩን እንደ ተረት ነው። ተሰጥኦ ነበራት፣ ናቋት፣ አሳየቻቸው፣ በቃ። ለእኔ ግን ትምህርቱ ያለው መሃል ላይ ነው። እምቢ ከተባለችበት ቀን አንስቶ መድረክ እስከወጣችበት ምሽት ድረስ ምን ስትሠራ ነበር?

ከሥሩ እንጀምር። ጆሴፊን የተወለደችው ጁን 3 ቀን 1906 በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት፣ ሴንት ሉዊስ ከተማ ነው። እናቷ ካሪ ማክዶናልድ የሰው ልብስ እያጠበች ነበር የምትኖረው። ጆሴፊን ራሷ ገና በስምንት ዓመቷ በነጮች ቤት በሠራተኝነት ተቀጠረች። 11 ዓመት ሲሆናት፣ በ1917፣ ከወንዙ ማዶ ባለችው ኢስት ሴንት ሉዊስ ነጮች የጥቁሮችን ሰፈር አቃጠሉ፤ ብዙ ሰውም ገደሉ። ያ ነገር ዕድሜዋን ሙሉ ከአእምሮዋ አልወጣም። በ13 ዓመቷ ተዳረች፤ ትዳሩ ወዲያው ፈረሰ። ከሁለተኛው ጋብቻ ደግሞ የቀራት ቤከር የሚለው ስም ነው።

ዳንስን የለመደችው ከሰፈር፣ ከመንገድ ላይ ሙዚቀኞችና ከጥቁሮች ቲያትር ቤት ነው። በኋላም ከአንድ ተጓዥ ቡድን ጋር ተቀላቅላ ከተማዋን ጥላ ወጣች። ቡድኑ ውስጥ ሰው የሚወድላት ማሳቋን ነበር። ፊቷን ታጣምማለች፣ ዓይኗን ታንሸዋርራለች፣ ጉልበቷን ታወላግዳለች። እንግዲህ ኦዲሽን የገባችው በዚህ ስንቅ ነው።

ኦዲሽን የገባችበት ሾው ደግሞ ቀላል አልነበረም። «ሸፍል አሎንግ» ይባላል። ሙዚቃውን የሠሩት ኖብል ሲስልና ዩቢ ብሌክ ሲሆኑ፣ ደራሲዎቹም ተዋናዮቹም ጥቁሮች ናቸው። ሜይ 23 ቀን 1921 ኒው ዮርክ ውስጥ ተከፍቶ ወደ 500 ጊዜ ገደማ ታየ፤ ለዚያ ዘመን ትልቅ ቁጥር ነው። ሾውን ያስወደደው አንዱ ነገር የኮረስ ልጆቹ ፍጥነት ነበር። ሴቶቹ ተሰልፈው በጃዝ ምት እንደ አንድ ሰው ይንቀሳቀሳሉ። እንዲህ ባለ ሰልፍ ውስጥ ተፈላጊው ነገር መመሳሰል ነው። አንዷ ግማሽ ምት ብትዘገይ ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ሰው ሳይቀር ያያታል።

ለጆሴፊን የተሰጧት ምክንያቶች ግን ስለ እግሯ አልነበሩም። ልጅ ነሽ፣ በጣም ቀጭን ነሽ፣ በጣም ጥቁር ነሽ ነው የተባለችው። አዎ፣ በጥቁሮች ሾው ውስጥም እንኳ የኮረስ ሴቶች የሚመረጡት ቆዳቸው ቀላ ያለ ከሆነ ነበር። እዚህ ጋ ቆም እንበል። ዕድሜ በጊዜ ይፈታል። የቆዳ ቀለም ግን የእሷ ችግር አይደለም፤ የመራጮቹ ነው፤ በልምምድም አይለወጥም። እምቢ የተባለ ሰው ብዙ ጊዜ ሁሉንም ምክንያት አንድ ላይ ጠቅልሎ አልችልም ማለት ነው ብሎ ይተረጉመዋል። ጆሴፊን እንደዚያ አላደረገችም።

ወደ ኒው ዮርክ ሄዳ ደግማ ሞከረች። መድረኩ አሁንም ዝግ ሆነባት። በመጨረሻ ያገኘችው ሥራ በተጓዡ ቡድን ውስጥ ልብስ አልባሽነት ነው። ዳንሰኞቹ ከመድረክ እየሮጡ ሲገቡ ቁልፍ መፍታት፣ ሌላ ቀሚስ ማልበስ፣ ላባውን ማስተካከል። ዳንሰኛ እሆናለሁ ብሎ ለወጣ ሰው ይህ ውርደት ሊመስል ይችላል።

ኢኮኖሚክስ ስንማር እየሠሩ መማር የሚባል ነገር አለ፤ ደሞዝህን የምታገኘው ለሥራው ነው፣ ትርፉ ግን አጠገብህ ከሚሠሩት የምትወስደው እውቀት ነው። ጆሴፊን በየምሽቱ ከመጋረጃው ጎን ቆማ ያንኑ ሾው ታያለች። መቼ ማን በየት በኩል እንደሚገባ፣ በስንተኛው ምት እንደሚዞሩ፣ የትኛዋ ልጅ የት ላይ እንደምትሳሳት። ዘፈኑንም እርምጃውንም አንድ በአንድ ያዘችው። ትምህርት ቤት ገብታ ልትከፍል የማትችለውን ሥልጠና እየተከፈላት ወሰደችው ማለት ነው።

ከዚያ አንዷ የኮረስ ልጅ ታመመች። በዚያ ምሽት አዘጋጁ ምርጧን ዳንሰኛ የመፈለግ ጊዜ የለውም። የሚፈልገው ሾውን የምታውቅ፣ አሁኑኑ የምትወጣ ሰው ነው። ከመጋረጃው ጀርባ ያለችው እንዲህ ዓይነት ሰው ልብስ አልባሿ ነበረች። ኦዲሽኑ ላይ የወደቀችበት ቀለምና ቅጥነት በአንዴ ትርጉም አጣ።

መድረክ ላይ ያደረገችው ነገር ደግሞ የራሷ ነው። የቆመችው በሰልፉ ጫፍ ላይ ነው። በዚያ ዘመን የኮረሱ የመጨረሻ ልጅ የማሳቅ ድርሻ ነበራት። ጆሴፊን እርምጃው የጠፋባት መስላ ትደናገጣለች፣ ጎረቤቷን አይታ ለመድረስ ትሮጣለች፣ ዓይኗን ታንሸዋርራለች። አዳራሹ በሳቅ ይሞላል። መጨረሻ ላይ ግን ያንኑ እርምጃ ከሁሉም አጥርታ፣ የራሷንም ጨምራበት ትጨርሰዋለች።

ይህን የሠርግ ቤት እስክስታ ያየ ሰው ይገባዋል። ምቱን አውቆ እያጠፋ የሚያስቅ ጎበዝ አለ፤ ምቱ ሳያውቀው የሚጠፋበትም አለ። በመጀመሪያው እንስቃለን፣ ለሁለተኛው እናፍርለታለን። ተመልካች ልዩነቱን ለማወቅ ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም። የጆሴፊን ቀልድ የሠራው እርምጃውን አጥርታ ስለምታውቅ ነው። በ1921 ያው ቀልድ ነበራት፤ ያልነበራት ከሥሩ ያለው ልምምድ ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። በ1924 የሲስልና የብሌክ ቀጣይ ሾው ላይ በሳምንት 125 ዶላር ይከፈላት ጀመር፤ ለኮረስ ልጅ ያልተለመደ ገንዘብ ነው። ኦክቶበር 2 ቀን 1925 ፓሪስ፣ ሻንዜሊዜ ቲያትር መድረክ ላይ ወጣች፤ ዕድሜዋ 19 ነበር። በ1926 በፎሊ ቤርዤር የሙዝ ቀሚሷን ለብሳ ጨፈረች። ፓሪስ ያጨበጨበችው ለዳንሷ ብቻ ሳይሆን ስለ አፍሪካ በአእምሮዋ ለሣለችው ተረትም ጭምር ነው። የሴንት ሉዊሷ ልጅ ይህን ሚና ተጫወተች፤ እንጀራዋንም ከዚያ በላች።

ግን ልብ በሉ፣ ኮከብ ከሆነች በኋላ በተፈጥሮ ችሎታዬ እኖራለሁ አላለችም። በ1934 በኦፔሬታ ለመጫወት ድምፅዋን በአስተማሪ አሠለጠነች። በ1936 ኒው ዮርክ ወደ ዚግፌልድ ፎሊስ ስትመለስ ከጆርጅ ባላንሺን ጋር ሠራች። ያም ሆኖ የአሜሪካ ሃያሲያን ክፉኛ ተቿት። ወደ ፈረንሳይ ተመልሳ በ1937 ዜግነት ወሰደች።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የሚመር ገጽም አለ። በ1935 ጣልያን አገራችንን ስትወር ጆሴፊን በኢትዮጵያ የነበረውን ባርነት ምክንያት አድርጋ ሙሶሊኒን በአደባባይ ደገፈች። የሙሶሊኒን ፕሮፓጋንዳ ሳትመረምር ዋጠችው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ግን ከፋሺዝም በተቃራኒ ቆመች፤ በሙዚቃ ወረቀቶች ላይ በማይታይ ቀለም የተጻፈ ምስጢር እያሻገረች ለፈረንሳይ አርበኞች ሠራች፣ በኋላም ተሸለመችበት። በ1963 ዋሽንግተን ላይ በተደረገው ታላቅ ሰልፍ የፈረንሳይ ወታደራዊ ልብሷን ለብሳ ንግግር አደረገች። ከተለያየ አገርና ዘር 12 ልጆችን በማደጎ አሳደገች፣ በዕዳ ቤቷን አጣች፣ በስተርጅናም ወደ መድረክ ተመለሰች። ኤፕሪል 8 ቀን 1975 ፓሪስ ውስጥ የ50 ዓመት ሥራዋን የሚዘክር ሾው ከፈተች። ከአራት ቀን በኋላ በ68 ዓመቷ ሞተች። በ2021 ፈረንሳይ ታላላቆቿን በምታከብርበት ፓንቴዎን ስሟን አስገባች፤ ከጥቁር ሴቶች የመጀመሪያዋ ናት።

ከዚህ ሁሉ ምን እንውሰድ? መጀመሪያ አንድ ማስጠንቀቂያ። የስኬት ታሪክ የሚነግረን ስለወጡት ብቻ ነው። በዚያ ዘመን እንደ ጆሴፊን ሁሉንም እርምጃ አጥንተው፣ የምትታመም ልጅ ሳትኖር ቀርታ ልብስ ሲያለብሱ የኖሩ ሴቶች ስማቸው የትም የለም። ስለዚህ ትንሿን ሥራ ያዙና መድረኩ ይመጣላችኋል የሚል ቃል የሚገባላችሁ ሰው ካለ አትመኑት።

ሆኖም ሳይሠለጥን ኦዲሽን ለሚገባ ልጅ የጆሴፊን መንገድ የሚጠቅመው ነገር አለው። ሾውን ከመግባታችሁ በፊት እዩት፣ እርምጃውን በቃላችሁ ያዙት። እምቢ ከተባላችሁ ምክንያቱን ለዩት፤ የሚሠራበትን ሥሩበት፣ የሰዎቹን ንቀት ለሰዎቹ ተዉት። መጋረጃው አጠገብ የሚያቆም የሚከፈልበት ሥራ ካገኛችሁ የምትማሩበት መሆኑን አረጋግጡ፤ የማትማሩበት ከሆነ ጊዜያችሁን ነው የሚበላው። ቀልድ፣ መልክ፣ ሞገስ ካላችሁም ይዛችሁ ግቡ። ብቻ ምቱን የምትቆጥሩት ቤት ውስጥ ይሁን፤ መድረክ ላይ ለመቁጠር ጊዜ የለም።