ሜሪ ሶመርቪል፦ በምስጋና የተፈጸመ ረጅም ዕድሜ

የዕድሜ ባለጸጋ መሆን ብቻውን የደስታ ዋስትና አይደለም። ዕድሜ በረዘመ መጠን ቀድመው የሚቀበሩት ወዳጆች ይበዛሉ፤ ጆሮ ይደክማል፤ ለዘመናት የሠራ አእምሮም ስም መርሳት ይጀምራል። ስኮትላንዳዊቷ የሒሳብና የሥነ ፈለክ ሊቅ ሜሪ ሶመርቪል ይህ ሁሉ ደርሶባቸዋል። ሆኖም ዘጠና ሁለተኛ ዓመታቸውን ሊሞሉ ጥቂት ሲቀራቸው ያለፈውን ሕይወታቸውን መለስ ብለው የቃኙት በምስጋና ነበር። የዚህ ምስጋና ምንጭ ምን እንደ ነበረ መመርመር በዕውቀት ሥራ ለተሠማራ ሁሉ ይጠቅማል።

ሜሪ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 26 ቀን 1780 ጄድበርግ በተባለች የስኮትላንድ ከተማ ነው። አባታቸው ዊልያም ፌርፋክስ የባሕር ኃይል መኮንን ስለ ነበሩ አብዛኛውን ጊዜ ከቤት ርቀው ይኖሩ ነበር። ሜሪም በበርንታይላንድ የባሕር ዳርቻ ዛጎልና አበባ እየለቀሙ አደጉ። አባታቸው ከባሕር ሲመለሱ ልጃቸው በቅጡ ማንበብ እንኳ እንደማይችሉ ተመልክተው በአሥር ዓመታቸው ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ላኳቸው። በዚያ የቆዩት ግን አንድ ዓመት ብቻ ነበር።

የሒሳብ ፍቅር ያደረባቸው በአጋጣሚ ነው። አንድ ቀን የሴቶች የፋሽን መጽሔት ሲያገላብጡ በቁጥሮች መካከል የገቡ እንግዳ ፊደላትን አዩ። አልጀብራ እንደሚባል ከመስማታቸው በቀር ምንነቱን የሚያስረዳቸው አላገኙም። በኋላም የሥዕል መምህራቸው ስለ ዩክሊድ ጂኦሜትሪ ሲናገሩ ሰሙ። በዚያ ዘመን ወጣት ሴት ወደ መደብር ገብታ እንዲህ ያለ መጽሐፍ መግዛቷ ነውር ይመስል ስለ ነበር፣ መጽሐፉን ያስገኙላቸው የታናሽ ወንድማቸው አስተማሪ ነበሩ። ሌሊት ሲያነቡ የቤቱ ሻማ እያለቀ ማስቸገሩ በታወቀ ጊዜ፣ ገና ሲተኙ ሻማው እንዲወሰድባቸው ታዘዘ። እርሳቸው ግን የመጀመሪያዎቹን ስድስት የዩክሊድ መጻሕፍት አስቀድመው አጥንተው ስለ ነበር፣ በጨለማ ተጋድመው በቃላቸው ይከልሷቸው ጀመር።

እ.ኤ.አ. በ1804 ሳሙኤል ግሬግን አገቡ። ባለቤታቸው ስለ ሴቶች የማሰብ ችሎታ የነበራቸው ግምት ዝቅተኛ ስለ ነበር ጥናቱ ያለ ድጋፍ ቀጠለ። በ1807 ባላቸው ሲሞቱ ሁለት ወንዶች ልጆች ይዘው ወደ ወላጆቻቸው ቤት ተመለሱ። የእኅትማማች የወንድማማች ልጆች ዝምድና የነበራቸውን ሐኪሙን ዊልያም ሶመርቪልን በ1812 ባገቡ ጊዜ ግን ነገሩ ተለወጠ። ዶክተር ሶመርቪል በሚስታቸው ዕውቀት የሚኮሩ፣ ከየቤተ መጻሕፍቱ የሚያስፈልጋቸውን የሚፈልጉላቸው፣ ረቂቃቸውን በገዛ እጃቸው የሚገለብጡላቸው ሰው ነበሩ።

በ1827 ሎርድ ብሩም የፈረንሳዊውን የላፕላስን ታላቅ የሥነ ፈለክ መጽሐፍ ለእንግሊዝኛ አንባቢ እንዲያቀርቡ ጠየቋቸው። ሜሪ የተስማሙት ሥራው በምሥጢር እንዲያዝ፣ ባይሳካም ረቂቁ እንዲቃጠል ቃል ካስገቡ በኋላ ነው። ልጆች እያሳደጉና እንግዳ እየተቀበሉ ጻፉት። ሰው ሲመጣ ወረቀቱን ይሸሽጉ ነበር። መጽሐፉ በ1831 ሲታተም የሊቃውንትን አድናቆት አተረፈ፤ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲም ማስተማሪያ ሆነ። በ1834 ያወጡት ሁለተኛው መጽሐፍ ደግሞ የተፈጥሮ ሳይንሶች እርስ በርሳቸው እንዴት እንደሚገናኙ የሚያስረዳ ነበር። በኋለኛው እትም ስለ ዩራነስ ጉዞ መዛባት የሰፈረች አንዲት አስተያየት፣ ጆን ኩች አዳምስ ገና ያልታየችውን ፕላኔት በስሌት እንዲፈልጉ እንዳነሣሣቻቸው ራሳቸው አዳምስ ተናግረዋል። ኔፕቲዩን የተባለችው ይህች ፕላኔት በ1846 ተገኘች።

ክብሩ ግን ወሰን ነበረው። ሮያል ሶሳይቲ የተባለው የለንደን የሳይንስ ማኅበር ምስላቸውን በእብነ በረድ አስቀርጾ በአዳራሹ አኖረ፤ እርሳቸውን ግን በአባልነት አላስገባም። ማኅበሩ ሴቶችን በአባልነት መምረጥ የጀመረው በ1945 ነው። የሥነ ፈለክ ማኅበሩ በ1835 ከካሮላይን ኸርሸል ጋር የክብር አባል አድርጎ መርጧቸዋል። ሜሪ ይህን አድልዎ በምሬት ሲያብሰለስሉ አልኖሩም፤ ዝምም አላሉም። በ1868 ጆን ስቱዋርት ሚል ሴቶች የመምረጥ መብት እንዲያገኙ ባዘጋጁት አቤቱታ ላይ በመጀመሪያ የሰፈረው የእርሳቸው ፊርማ ነው። ወጣቷን አዳ ላቭሌስን በሒሳብ ጥናቷ የረዱና ያበረታቱም እርሳቸው ነበሩ።

ኀዘኑም አልቀረላቸውም። በ1823 ሴት ልጃቸው ማርጋሬት በሕፃንነቷ ሞተችባቸው። በ1838 በባለቤታቸው ሕመም ምክንያት ወደ ኢጣልያ ተሻገሩ፤ በ1860 ባለቤታቸውን፣ በ1865 ደግሞ ከመጀመሪያው ጋብቻ የቀራቸውን ልጃቸውን ዎሮንዞውን አጡ። በዚህ ጊዜ ዕድሜያቸው ሰማንያ አራት ነበር። ከኀዘን የሚወጡበት መንገድ አንድ ብቻ ሆነ፤ እርሱም ሥራ ነበር። በሴት ልጆቻቸው አበረታችነት በሰው ዐይን ስለማይታዩ ጥቃቅን ነገሮች አዲስ መጽሐፍ ጻፉ። በሁለት ቅጽ ታትሞ በ1869 ሲወጣ ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነበር። በዚያው ዓመት የለንደኑ የጂኦግራፊ ማኅበር በወርቅ ሜዳይ አከበራቸው።

የመጨረሻ ዓመታቸውን ያሳለፉት በኔፕልስ ነው። ጆሯቸው ከብዶ ነበር፤ የሰዎችን ስምና የዕለት ተዕለት ጉዳዮችን ይረሱ ነበር። ነገር ግን ጧት ጧት በአልጋቸው ላይ ሆነው አራትና አምስት ሰዓት ያህል ከፍተኛ አልጀብራ ያነቡ ነበር፤ ያልተፈታ ጥያቄ ሲገጥማቸው በማግሥቱ ደግመው ይሞክሩታል። በ1872 የቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ በጉጉት ተመለከቱት። በትዝታ መጽሐፋቸው ላይ የቤተሰባቸውን ፍቅርና አእምሯቸው አለመጥፋቱን እንደ ታላቅ ጸጋ ቆጥረው አመስግነዋል። የቆጫቸውም ነገር ለራሳቸው ያልተደረገላቸው አልነበረም። ምድር ከፀሐይ ያላት ርቀት በቬነስ መተላለፍ ተለክቶ ውጤቱን ሳያዩ፣ ሊቪንግስተን የሚፈልጉት የዓባይ ምንጭ ሳይታወቅ መሞታቸው ቆጫቸው። ከሁሉ በላይ ያሳዘናቸው ግን የባሪያ ንግድ ሲጠፋ አለማየታቸው ነው። በወጣትነታቸውም ባርነትን በመቃወም ሻይ ያለ ስኳር ይጠጡ ነበር።

ሜሪ ሶመርቪል በኖቬምበር 29 ቀን 1872 ተኝተው ሳሉ ዐረፉ፤ የተቀበሩትም በኔፕልስ ነው። ትዝታቸውን በማግሥቱ ዓመት ልጃቸው ማርታ አሳተሙት። በ1879 በኦክስፎርድ ለሴቶች የተከፈተው ኮሌጅ በስማቸው ተሰየመ። የምስጋናቸው ምንጭ ኀዘን የሌለበት ሕይወት አልነበረም፤ ሞት፣ ስደትና የተዘጋ በር ሁሉ ገጥሟቸዋልና። ምንጩ በልጅነታቸው በጨለማ የወደዱት ዕውቀት እስከ መጨረሻዪቱ ጧት አብሯቸው መኖሩ፣ ያንንም ዕውቀት ለሌሎች ማካፈል መቻላቸው ነበር። ሙያውን እንዲህ የወደደ ሰው ዕድሜው ሲመሽ የሚያመሰግንበት ነገር አያጣም።