ከሠላሳ ዓመት በላይ የዘገየ ጡረታ

ሰላይ ሲባል ብዙዎቻችን ዓይን ላይ ቶሎ ድቅን የሚለው ፊልም ላይ የምናየው፣ ጥቁር መነጽር ያጠለቀ፣ ሽጉጥ የታጠቀ ሰውዬ ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ለሰሜኑ ጦር መረጃ ትለቅም የነበረችው ግን ማንበብና መጻፍ የማትችል፣ አጠር ያለች፣ ሻሽ ያሰረች ጥቁር ሴት ነበረች። ሐሪየት ተብማን ትባላለች። ስሟ ሲነሳ ሁሌም የሚወራው ሰዎችን ከባርነት ማስመለጧ ነው። እኔ ግን ዛሬ ላነሳ የፈለግኩት ከጦርነቱ በኋላ የከፈለችበትን ሌላ ትግል፣ የጡረታዋን ነገር ነው።

ሐሪየት እ.ኤ.አ. በ1822 ገደማ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሜሪላንድ ውስጥ በባርነት ተወለደች። ገና ልጅ ሳለች አንድ የእርሻ አለቃ ሌላ ሰው ለመምታት የወረወረው የብረት ሚዛን ጭንቅላቷን ፈነከታት። ከዚያ ወዲህ እስከ ዕድሜዋ መጨረሻ፣ ወሬ ጀምራም ቢሆን እንቅልፍ ድንገት ጭልጥ አድርጎ ይወስዳት ነበር። በ1849 አምልጣ ፊላዴልፊያ ገባች። እዚያ ገብታ ግን አርፋ አልተቀመጠችም። 13 ጊዜ ያህል ተመልሳ ወደ 70 የሚጠጉ ሰዎችን በሌሊት እየመራች አወጣች።

ይሄ ልምድ ነው እንግዲህ ለስለላ ያበቃት። በ1862 ደቡብ ካሮላይና ሄዳ ለሰሜኑ ጦር ነርስም፣ ምግብ አብሳይም፣ ቃኚም ሆነች። አገሩን የሚያውቁ ስምንት ዘጠኝ ሰዎች በሥሯ አሰማርታ የጠላት ጦር የት እንደሰፈረ፣ ወንዙ ውስጥ ፈንጂ የት እንደተጠመደ ታጣራ ነበር። መኮንኖችን ለማናገር የሚፈሩ ሰዎች ለእሷ ይነግሯታል። ጁን 1 ቀን 1863 ሌሊት ከኮሎኔል ጄምስ ሞንትጎመሪ ጋር በጦር መርከብ ኮምባሂ ወንዝን ይዘው ወጡ። ፈንጂዎቹን አልፈው በአንድ ዘመቻ ከ700 በላይ ሰዎችን ከባርነት አስወጡ።

እዚህ ላይ እኛን የጋዜጠኝነት ተማሪዎችን የሚመለከት ነገር አለ። አንድ የዊስኮንሲን ጋዜጣ ወሬውን ሲያወጣ ዘመቻውን የመራችው ጥቁር ሴት መሆኗን ጻፈ፤ ስሟን ግን አልጠራም። ስሟን ያወጣው በማግስቱ ወር ኮመንዌልዝ የተባለው የቦስተን ጋዜጣ ነው።

በጦርነቱ ዘመን ሁሉ ከመንግሥት ያገኘችው 200 ዶላር ገደማ ነው ይባላል። ሌላውን ኬክ ጋግራ እየሸጠች ነበር የምትኖረው። በ1865 ወደ ቤቷ ስትመለስ፣ ለወታደር የሚሰጠውን የግማሽ ዋጋ ትኬት ይዛ ባቡር ተሳፈረች። ትኬት ተቆጣጣሪው አላመናትም። ከሌሎች ጋር ሆኖ ጎትቶ ሲያስነሳት ክንዷ ተሰበረ።

ጡረታ ስትጠይቅም የገጠማት ያው አለመታመን ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሰላይ በወታደር መዝገብ ላይ አይሰፍርም። ስሟ የሌለበትን መዝገብ አምጪ ተባለች። የሚያውቋት መኮንኖች ደብዳቤ ጻፉላት፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረው ዊልያም ሴዋርድ ሳይቀር ደገፋት፤ ጠብ ያለ ነገር አልነበረም። እሷ ታዲያ ያላት ማስረጃ አፏ ብቻ ነበር። በየመድረኩ እየቆመች ያየችውን ትናገራለች፤ ሰው ያጨበጭባል፤ ቢሮው ግን ወረቀት ነው የሚፈልገው።

በ1888 የጦርነቱ ዘማች የነበረው ባሏ ኔልሰን ዴቪስ ሞተ። በ1895 በወር 8 ዶላር ተቆረጠላት፤ የሟች ወታደር ሚስት ስለሆነች እንጂ ራሷ ስለዘመተች አይደለም። በ1898 ነርስ፣ አብሳይና የቃኚዎች አለቃ ሆና ለሠራችበት 1,800 ዶላር እንዲከፈላት ጠየቀች። በ1899 ምክር ቤቱ ወርኃዊ ጡረታዋን ወደ 20 ዶላር አሳደገው። ጭማሪው የተሰጣት ለነርስነቷ ነው። ስለላው አሁንም ተዘለለ።

ማርች 10 ቀን 1913 ኦበርን ከተማ፣ ራሷ ባቋቋመችው የአረጋውያን መጦሪያ አረፈች፤ በወታደራዊ ሥነ ሥርዓት ተቀበረች። ምክር ቤቱ በ2003 ሳይከፈላት ለቀረው ጡረታ 11,750 ዶላር ለመታሰቢያ ቤቷ ሰጠ። በ2021 የአሜሪካ ጦር የመረጃ ክፍል ከታላላቆቹ ተርታ ስሟን አሰፈረ። ኖቬምበር 11 ቀን 2024፣ በዘማቾች ቀን፣ ሜሪላንድ የብርጋዴር ጄኔራልነት ማዕረግ ሰጠቻት። ሹመቱ ጥሩ ነው። ክንዷ ተሰብሮ ቤቷ ለገባችው ሴት ግን 8 ዶላሩም ያኔ በደረሰላት ነበር።

እኛ ዜና ስንሠራ ማስረጃ የት አለ ማለት ተምረናል፤ ትክክልም ነው። መዝገቡን የሚጽፈው ማን ነው፣ ማንንስ ሳይጽፍ ያልፋል ብሎ መጠየቁንም ግን ብንለምድ አይከፋም።