የቁስቋሙ አስታማሚ፤ ጀምስ ብሩስ

ዓባይን ፍለጋ ወደ አገራችን ከመጡት ፈረንጆች ሁሉ ስሙ ጐልቶ የሚነገረው ጀምስ ብሩስ ነው። ጢስ ዓባይን ማየቱን፣ ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ በስተ ሰሜን በሰከላ ወደሚገኘው ግሽ ዓባይም መድረሱን ሁላችንም በትምህርት ቤት ሰምተናል። ወደዚያ ለመድረስ የረዳው ግን ከጠመንጃውና ከኮምፓሱ ይልቅ በሽተኛ ማስታመም ማወቁ ነበር። እኛም ዛሬ መንገደኛነቱን ለሌላ ጊዜ ትተን አስታማሚነቱን እንተርካለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ብሩስ በ1730 በስኮትላንድ አገር ኪኔርድ በሚባለው የአባቱ ርስት ተወለደ። ሕግ ለመማር ወደ ኤዲንብራ ቢላክ ትምህርቱ ሳይስማማው ቀረና በኋላ ወደ ወይን ጠጅ ንግድ ገባ። በ1754 ሚስት አገባ፤ ነገር ግን በጥቂት ወራት ውስጥ ፓሪስ ላይ በሳንባ ነቀርሳ ሞተችበት። ከዚህ ኀዘን በኋላ በአንድ ስፍራ መቀመጥ አልሆነለትም። የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ አልጀርስ ከተቀመጠ በኋላ ወደ ሶርያ ተሻገረ። በሐለብ ከተማም ዶክቶር ፓትሪክ ረስል የተባለው ሐኪም ሕክምና አስተማረው። የሐኪምነት ዲፕሎማ አልነበረውም፤ ያለው ዕውቀት ከዚህ ወዳጁ የቀሰመው ነበር።

በ1769 መስከረም ምጽዋ ወረደ፤ በ1770 የካቲት ጎንደር ገባ። በዚያን ጊዜ ፈንጣጣ ከተማውን ይዞት ነበር። በእቴጌ ምንትዋብ የቁስቋም ግቢ የመሳፍንቱ ልጆች ተኝተዋል። ከዋልድባ የመጣ አንድ መነኩሴ ጽሑፍ በቀለም እየጻፈ፣ ያንኑ በውሃ አጥቦ ያጠጣቸው ነበር። የራስ ሚካኤል ልጅ ወልደ ሐዋርያት ሞተ። የወይዘሮ አስቴር ልጅ ክንፉም በጠና ታሞ ነበር። በዚህ ጭንቅ መካከል ነገሩ ለእንግዳው ተሰጠ።

ብሩስ ራሱ እንደ ጻፈው፣ መጀመሪያ ያደረገው በሩንና መስኮቱን ሁሉ ማስከፈት ነበር። ቤቱን በዕጣንና በከርቤ አሳጠነ፤ በሆምጣጤም አሳጠበ፤ ሌላውንም ረስል እንዳስተማረው አንድ በአንድ ፈጸመ። ክንፉ ዳነ። እናቱ ወይዘሮ አስቴር ከዚያ ቀን ጀምሮ የብሩስ ጠበቃ ሆነች። ጎንደሬዎችም ያዕቆብ ብለው የሚጠሩት ፈረንጅ የቤተ መንግሥት ባለሟል ለመሆን በቃ።

ፈንጣጣን አዳነው ብንል ግን እንሳሳታለን። ለፈንጣጣ በዚያን ዘመን መድኃኒት አልነበረም። ከያዛቸው ሰዎች ከ10 ሦስቱ ያህል ይሞቱ እንደ ነበር፣ የቀሩትም ይተርፉ እንደ ነበር ዛሬ እናውቃለን። የብሩስ ዋና ሥራ ንጹሕ አየር፣ ንጹሕ ቤትና ሥርዓት ያለው ማስታመም ወደ በሽተኛው አልጋ ማምጣቱ ነው።

የዚህ ዝና ፍሬ ወደ ጎጃም ወሰደው። የዳሞት ገዥ የነበረው ፋሲል አንድ የጦር አለቃ ከንፈሩ ላይ ክፉ ቁስል ወጥቶበት ነበርና ብሩስ መድኃኒት ላከለት። ለዚህም ዋጋ ወርቅ አልጠየቀም፤ ግሽን ለመነ። ንጉሡ ዐፄ ተክለ ሃይማኖትም መንደሪቱን ከነምንጯ ሰጡት። በዚያው ዓመት በ1770 ከምንጩ ደረሰ።

ነውሩንም መደበቅ አይገባንም። ፔድሮ ፓኤዝ የሚባል ኢየሱሳዊ በ1618 ግሽን አይቶ ሳለ፣ ብሩስ እኔ የመጀመሪያው ነኝ ብሎ ተከራከረ። አብሮት የደከመው ኢጣልያዊው ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒ ጎንደር ላይ ሞተ። ብሩስ ግን ባሉጋኒ ከግሽ ጉዞ በፊት እንደ ሞተ አድርጎ ጻፈና የጓደኛውን ድካም ሰወረ። የሌላውን ልጅ ያስታመመ እጅ የራሱን ባልንጀራ ስም ለመጻፍ ሰነፈ።

ከእኛ ሰዎች የተማረውም አለ። ወደ አገሩ ሲመለስ በቆላው በራስ ኤል ፊል ተቅማጥ ክፉኛ ያዘው። ያዳነው የአገሬው መድኃኒት ዋጊኖስ ነበር። ዕፅዋት አዋቂዎችም ይህን ተክል በብሩስ ስም ብሩሲያ አሉት፤ መድኃኒቱን ያሳየው ባላገር ግን ሳይጠራ ቀረ።

በ1774 ሎንዶን ሲገባ ብዙዎች ውሸታም ነው ብለው ሳቁበት። የጉዞውን መጽሐፍ በ5 ቅጽ በ1790 አሳተመ። በ1794 አንዲት እንግዳ ለመሸኘት ሲጣደፍ ከገዛ ቤቱ ደረጃ ላይ ወድቆ ሞተ።

ይህን ታሪክ ስናነብ በየመንደራችን ያየነው ትዝ ይለናል። ሰው ሲታመም ምች ይመታዋል፣ ብርድ ይገባዋል እየተባለ በሩ ይዘጋል፤ ጠያቂው ጠባቡን ክፍል ይሞላል፤ እሳቱም ከውስጥ ይጨሳል። ቁስቋም ላይ የሆነው ከ250 ዓመት በፊት ነው፤ እኛ ግን አሁንም በሩን እንዘጋለን።

ፈንጣጣ ከኢትዮጵያ በ1976 ጠፋ። በ1974 አሜሪካ ውስጥ የሳንባ ሕመም ያለባቸው ልጆች ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት በደም ሥራቸው እየተሰጣቸው በቤታቸው መታከም ጀመሩ። በአገራችንም ከ2013 ጀምሮ፣ ክፉ ኢንፌክሽን የያዘውን ጨቅላ ሆስፒታል ማድረስ ካልተቻለ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በቀበሌው ጤና ኬላ ጄንታማይሲን በመርፌና አሞክሲሲሊን በአፍ ለ7 ቀን እንድትሰጠው ተፈቅዷል። ብሩስ ያልነበረው መድኃኒት እነሆ በቀበሌው አለ። ነገር ግን መርፌው የሚሠራው ቀኑ ሳይጓደል ሲሰጥ፣ እጅ ሲታጠብ፣ ልጁ ቢብስበት ቶሎ የሚያይና የሚሮጥ ሰው ሲኖር ነው። ከሱቅ እንክብል ገዝቶ በግምት መዋጥ በቤት መታከም አይባልም።

እንግዲህ ለዕረፍት ወደየወላጆቻችን ቤት ስንመለስ ትምህርታችንን ከዚህ እንጀምር፤ መስኮቱን እንክፈት፣ እጃችንን እንታጠብ፣ ሕመሙ ሲጠና ወደ ጤና ኬላው ፈጥነን እንሂድ። ይህ ዲፕሎማ አይጠይቅም፤ ያዕቆብም አልነበረውም።