የሪያዱ ሊቀ ዳኛ

ሪያድ ሲባል ለብዙዎቻችን ቀድሞ ትዝ የሚለን በ2013 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በመንፉሐ ሰፈር በወገኖቻችን ላይ የደረሰው ድብደባና መባረር ነው። የዚያችን ከተማ ዳኝነት ከሥሩ ለማወቅ ግን ራቅ ብሎ የአንድ ሰው ሕይወት መመልከት ያስፈልጋል። እኒህም ሼኽ ሙሐመድ ኢብን ኢብራሂም አል ሼኽ ናቸው።

ሼኹ በ1893 ሪያድ ተወለዱ። ከሙሐመድ ኢብን ዓብዱልወሃብ ዘር ናቸው። በልጅነታቸው ዓይናቸው ስለ ጠፋ ትምህርቱን ሁሉ በጆሯቸው ሰምተው በቃላቸው ያዙ፤ ይህ ለአገራችን የቆሎ ተማሪ እንግዳ ነገር አይደለም። አስተማሪያቸው የነበሩት አጎታቸው ሲያርፉ በዱኽና ሰፈር መስጊድ ወንበሩን ተረክበው ማስተማር ጀመሩ። ኋላ የአገሩ ሙፍቲ የሆኑት ዓብዱልዓዚዝ ኢብን ባዝ፣ እርሳቸውም ማየት የተሳናቸው፣ ከዚያ ጉባኤ የወጡ ናቸው።

የዘመኑ ዋና ጥያቄ የሥልጣን ጥያቄ ነበር። በ1927 ንጉሥ ዓብዱልዓዚዝ ቃዲዎች የሚፈርዱበት አንድ የተጻፈ ሕግ እንዲዘጋጅ ሐሳብ ቢያቀርቡ ዑለማዎቹ አልተቀበሉም። ሕጉን ቤተ መንግሥት ከጻፈው ቃዲው ከጸሐፊ በምን ይለያል? ሼኹ እስከ ዕለተ ሞታቸው ከዚህ አቋም አልተነቃነቁም። ነጋዴዎች ሰው ባወጣው ደንብ እንዳይዳኙ ተቃወሙ፤ ሰው ሠራሽ ሕግን የሚያወግዝ አጭር ድርሳንም ጻፉ።

ነገር ግን ሙግት ያለ ሥርዓት አይሄድም። ማን ቀድሞ ይናገር? ምስክር መቼ ይቀርብ? ተከሳሽ ቢቀርስ? በመካና በጅዳ በኩል በ1936ና በ1952 የመንግሥት ደንቦች ወጥተው ነበር። የሪያድ ልማድ ግን ሌላ ነው፤ ቃዲው ብቻውን ተቀምጦ፣ ባለጉዳዮቹን ፊት ለፊት ሰምቶ፣ ወዲያው ይፈርዳል። ሼኹ በ1950ዎቹ ማገባደጃ የቃዲዎች አለቃ ሲሆኑ ይህን ሥራ በሰርኩላር ይመሩ ጀመር። ደብዳቤ እየጻፉ፣ የቀረበላቸውን ፍርድ እየመረመሩ፣ ቃዲዎች ጉዳይ እንዴት እንደሚይዙ ያዝዙ ነበር። ለንጉሡ የነፈጉትን ብዕር፣ ቢያንስ ለሥነ ሥርዓቱ፣ ራሳቸው ጨበጡት ማለት ነው።

በእኛ ግምት ይህ ነገር ሁለት መልክ አለው። ባለሥልጣን ገብቶ ቃዲውን እንዳያዝዝ አጥር ሆኗል። በአንጻሩ ሰርኩላሩ የሚላከው ለቃዲው እንጂ ለባለጉዳዩ አይደለም። ዐረብኛ የማይችል የሩቅ አገር ሠራተኛ ደግሞ መብቱን ከምን ላይ ያነብባል?

በእነዚያው ዓመታት አገራችን በተቃራኒው መንገድ ትሄድ ነበር። በ1961 የወንጀለኛ መቅጫ፣ በ1965 የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በዘውዱ ሥልጣን ወጡ፤ ሁለተኛው ከሕንድ ሕግ ብዙ የተዋሰ ነው። መጽሐፉ ተገኘ፤ አንብቦ የሚሟገትበት ገበሬ ግን ስንት ነበር?

ፈይሰል በ1962 ባወጁት የአሥር ነጥብ ፕሮግራም የፍትሕ ሚኒስቴር እንደሚቋቋም ተናገሩ። ሆኖም ሼኹ በሕይወት ሳሉ አልተቋቋመም። በ1969 ዐረፉ፤ ሚኒስቴሩ በ1970 ተቋቋመ። ወንበራቸውንም ለአንድ ሰው አልሰጡትም፤ የዳኝነቱ አስተዳደር ለሚኒስትር፣ የፈትዋው ሥራ በ1971 ለታላላቅ ዑለማዎች ጉባኤ ተከፈለ። የሙፍቲነት ማዕረግ ከ1993 በፊት፣ ማለትም ኢብን ባዝ እስኪሾሙ ድረስ፣ ባዶ ቆየ። ለሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ሁሉ የሚሠራ የተሟላ የሥነ ሥርዓት ሕግ የወጣው በ2000 ነው፤ የወጣውም በንጉሥ ትእዛዝ ነው።